ከአዳራሽ ቁልፍ እስከ ድጎማ ውል፦ የከተማ ምክር ቤት የአካባቢውን ኪነ ጥበብና ባህል የሚደግፍበት የአሠራር መመሪያ

አንድ የከተማ ምክር ቤት ኪነ ጥበብንና ባህልን ለመደገፍ ሲነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ስንት ገንዘብ እንመድብ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦታው መጀመሪያ ላይ አይደለም። ምክር ቤቱ በእጁ ካሉት ነገሮች ለከያንያን ይበልጥ የሚጠቅሙት ብዙዎቹ ከግምጃ ቤት የሚወጡ አይደሉም፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ተቆልፎ የሚያድረው አዳራሽ፣ ለአደባባይ ትርኢት የሚሰጠው ፈቃድ፣ በየዓመቱ ጊዜውን ጠብቆ የሚወጣው የድጋፍ ጥሪ፣ እንዲሁም የተገባው ቃል ሹም በተለወጠ ቁጥር እንዳይታጠፍ የሚያስረው ደንብ ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ገንዘቡን ወደ መካከል አውርዶ፣ ከእርሱ በፊት ሊሠሩ የሚገባቸውን ያስቀድማል። የተጻፈው ለምክር ቤት አባላት፣ ለባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች እና የምክር ቤቱን በር ለሚያንኳኩ የጥበብ ሰዎች ሲሆን፣ በውስጡ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሥልጣኑን ማረጋገጥ

ምክር ቤት በሕግ ባልተሰጠው ሥልጣን ገንዘብ ቢያወጣ፣ ዓላማው ምንም ያህል መልካም ቢሆን ኦዲተር ፊት መቆም አይችልም። የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደሮች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1948 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ከንብረት ግብር ላይ፣ በእያንዳንዱ ፓውንድ የግብር ግምት እስከ ስድስት ፔንስ (በዚያን ጊዜ የፓውንድ አርባኛ እጅ) ድረስ የሚሰበሰበውን ገቢ ለቴአትር፣ ለሙዚቃና ለመሰል መዝናኛዎች እንዲያውሉት በግልጽ ፈቀደላቸው። ሕጉ ጣሪያውን አስቀመጠ እንጂ ማውጣቱን ግዴታ ስላላደረገው፣ ብዙዎቹ አስተዳደሮች ጣሪያው አጠገብ እንኳ ሳይደርሱ ቀሩ። የሕግ ፈቃድ መኖሩ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አንድ መድረክ እንደማያቆም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለሆነም የምክር ቤቱ የሕግ ባለሙያ ለሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ይጠየቅ። ምክር ቤቱ ለግለሰብ ከያኒ በቀጥታ ገንዘብ መስጠት ይችላል ወይስ ለተመዘገበ ማኅበር ብቻ? የራሱን ቤትና አዳራሽ ከገበያ ዋጋ በታች ወይም በነጻ ማከራየት ይፈቀድለታል? ከአንድ የበጀት ዓመት በላይ የሚዘልቅ የድጋፍ ስምምነት መፈረምስ ይችላል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ዘግይቶ ሲታወስም ብዙ ያስከፍላል። በየዓመቱ ህልውናው አጠራጣሪ የሆነ የቴአትር ቡድን ወጣት አያሠለጥንም፣ መሣሪያ አይገዛም፣ ከአዳራሽ ባለቤት ጋርም የረጅም ጊዜ ውል አይገባም።

2. ያለውን መቁጠር

ለዚህ ሥራ ውድ ጥናት ማስጠናት አያስፈልግም፤ ሁለት ትጉህ ሠራተኞችና ሁለት ወር ያህል ጊዜ ይበቃሉ። የሚዘጋጁት ዝርዝሮች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ዝርዝር በከተማው የሚሠሩ ሙዚቀኞች፣ ተዋንያን፣ ሠዓሊዎች፣ ጸሐፍት፣ የውዝዋዜ ቡድኖች፣ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችና የቃል ትውፊት አዋቂዎች ይሰፍራሉ፤ የት እንደሚለማመዱ፣ የት እንደሚያቀርቡ፣ ምን መሣሪያ እንዳላቸውና ምን እንደጎደላቸው ይጻፋል። በሁለተኛው ዝርዝር ምክር ቤቱ ራሱ የሚያዝዝባቸው ክፍሎች ሁሉ ይገባሉ፤ አዳራሹ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የትምህርት ቤት ክፍሎች፣ ያረጀው መጋዘን ጭምር። ለእያንዳንዱ ክፍል የመቀመጫው ብዛት፣ የመብራቱ ሁኔታ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መግቢያ፣ እንዲሁም በሳምንት ውስጥ ባዶውን የሚውልባቸው ሰዓታት ይመዘገባሉ።

የፈቃድ መዝገብ አገላብጦ የመጀመሪያውን ዝርዝር መሙላት ያጓጓል፤ ግን መዝገቡ የሚያሳየው ፈቃድ ያወጡትን ብቻ ነው። አብዛኞቹ ከያንያን ቀን ቀን በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ መዝጋቢው በምሽትና በዕረፍት ቀን ወደ ልምምድ ቦታቸው መሄድ ይኖርበታል። የአጠያየቁም ነገር ቀላል አይደለም። «ምን ይደረግላችሁ?» የሚል ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ብቻ ያመጣል፤ እርሱም ገንዘብ ነው። «ጀምራችሁ ሳትጨርሱት የቀረው የመጨረሻ ሥራ የቱ ነው? ለምንስ ቀረ?» ብሎ የጠየቀ ግን የመለማመጃ ቦታ ማጣትን፣ ልብስና ቁሳቁስ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን አለመኖሩን፣ ፈቃድ መዘግየቱን፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው መታጣቱን ይሰማል። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊፈቱ የሚችሉት ችግሮች ብዛት ራሱን ምክር ቤቱን ያስገርመው ይሆናል።

3. አጭር የፖሊሲ ውሳኔ ማጽደቅ

የባህል ፖሊሲ ሲባል ወፍራም ጥራዝ የሚታያቸው አሉ። ለአንድ ከተማ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ በቂ ነው፤ ዋናው ነገር በምክር ቤቱ ጉባኤ ጸድቆ በቃለ ጉባኤ መስፈሩ ነው። መነሻ የሚፈልግ ምክር ቤት፣ የልዩ ልዩ አገሮች ከተሞች ግንቦት 8 ቀን 2004 በባርሴሎና ተሰብስበው ባህልን የአካባቢ ልማት አካል ለማድረግ ያጸደቁትን አጀንዳ 21 ለባህል የተባለውን ሰነድ ቢያነብ ይጠቀማል፤ ሰነዱን የጻፉት ከተሞች ራሳቸው በመሆናቸው ቋንቋው ለአስተዳዳሪ እንግዳ አይሆንም።

በውሳኔው ውስጥ ሊቀር የማይገባው አንድ አንቀጽ፣ ምክር ቤቱ ስለ ሥራዎቹ ይዘትና ጥራት ራሱ ፈራጅ እንደማይሆን የሚደነግገው ነው። በብሪታንያ በ1946 የተቋቋመው፣ ኢኮኖሚስቱ ጆን ሜይናርድ ኬንስ መሠረቱን የጣለለት የኪነ ጥበብ ምክር ቤት በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። መንግሥት አጠቃላይ የገንዘቡን መጠን ይወስናል፤ ገንዘቡ ለየትኛው ቴአትር ወይም ኦርኬስትራ እንደሚሰጥ የሚወስኑት ግን ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ይህ አሠራር ለከያኒው ነጻነት ብቻ ተብሎ የተበጀ አይደለም። አንድ የምክር ቤት አባል አንድን ተውኔት መርጦ ገንዘብ ካሰጠ፣ በተውኔቱ የተቀየመ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል፤ ውሳኔው የገለልተኛ ኮሚቴ ከሆነ ግን አባሉ ደንቡን እያሳየ ሊመልስ ይችላል። ርቀቱ ለሁለቱም ወገን ጋሻ ነው።

የቀረው የውሳኔው ይዘት በአጭሩ ሊያልፍ ይችላል፦ የድጋፉ ዓላማ፣ ተጠቃሚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ከዓመታዊ በጀቱ የሚመደበው ድርሻ፣ ጥሪው በየዓመቱ የሚወጣበት ወር፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው የሥራ ክፍል እና ውሳኔው ራሱ የሚከለስበት ጊዜ።

4. ክፍሎቹን መክፈት

ልምምድ ከትርኢት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ተውኔት ለጥቂት ምሽቶች ለመታየት ለወራት ይለማመዳል፤ ሆኖም የከተማ አዳራሾች የኪራይ ደንብ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ለአንድ ቀን ስብሰባ እንጂ በየሳምንቱ ተመላልሶ ለሚመጣ ቡድን አይደለም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ደንብ ይውጣ። የመጀመሪያው ለአንድ ጊዜ ዝግጅት የሚሆን ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሦስት ወይም ለስድስት ወር በተወሰነ ቀንና ሰዓት ለሚደረግ ልምምድ ነው። ለሁለተኛው የሚጠየቀው ክፍያ ከመብራት፣ ከውኃና ከጽዳት ወጪ መብለጥ አይኖርበትም፤ መክፈል ለማይችሉም በተጻፈ መመዘኛ ነጻ መሆን አለበት። መመዘኛው ካልተጻፈ ነጻው ሁልጊዜ ለባለሥልጣን ወዳጅ ነው የሚሆነው።

በተግባር ሥራውን የሚያበላሹት ግን ትልልቅ ጉዳዮች አይደሉም። ቁልፉ ማን ዘንድ ያድራል? ጥበቃው ከምሽቱ በኋላ የሚቆይበት ትርፍ ሰዓት በማን በጀት ይከፈላል? መስታወት ቢሰበር ማን ይጠየቃል? ለእነዚህ መልስ ሳይዘጋጅ የተከፈተ አዳራሽ በሁለት ወር ውስጥ ተመልሶ ይዘጋል፤ ምክንያቱም ማንም ሠራተኛ በግል ተጠያቂ የሚሆንበትን በር መክፈት አይወድም። እያንዳንዱ ቡድን ቁልፍ የሚረከብ አንድ ሰው በስሙ ያስመዝግብ፤ ሲገባና ሲወጣ በርክክብ መዝገብ ይፈርም፤ የክፍሉ ሁኔታ በፎቶግራፍ ተይዞ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ። የቦታ ማስያዣው መዝገብም ማንም ሊያየው በሚችልበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ወይም በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ይውጣ፤ ክፍት ሰዓቱ ከታወቀ «ሞልቷል» የሚለው መልስ አይሠራም።

ከተቻለም የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ወይም ጠባብ ዕቃ ቤት ይጨመር። ከበሮና የመድረክ ልብስ ተሸክሞ በየምሽቱ ከተማ የሚያቋርጥ ቡድን ለመበተን ሩቅ አይደለም፤ ለአዳራሹ አዲስ ቀለም ከመቀባት ይልቅ አንድ ዕቃ ቤት ማደራጀት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አዲስ ሕንጻ ለመሥራት የሚያስብ ምክር ቤት ደግሞ የካርኔጊን ቅድመ ሁኔታ ያስታውስ። በባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ገንዘብ ከ1883 እስከ 1929 ድረስ በተለያዩ አገሮች ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ ከተሞቹ ቦታውን እንዲሰጡና የግንባታውን ወጪ 10 በመቶ የሚያህል ገንዘብ በየዓመቱ ለማስተዳደሪያ እንዲመድቡ ይጠየቁ ነበር። ሕንጻ ማስመረቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሠራተኛ መቅጠር፣ ጣሪያ ማስጠገንና የተቃጠለ አምፖል መቀየር ግን በየዓመቱ የሚመለሱ ወጪዎች ናቸው። ይህን ያህል በየዓመቱ መመደብ የማይችል ከተማ ያለውን መጋዘን አድሶ ቢጠቀም የተሻለ ነው።

5. ፈቃድን ማቅለል፣ ድምፅን ማስታረቅ

በአደባባይ ሙዚቃ ለማቅረብ የሚፈልግ ቡድን ለባህል፣ ለጸጥታ፣ ለትራፊክና ለጽዳት ክፍሎች በየተራ እያመለከተ ከሆነ፣ ምክር ቤቱ ድጋፍ ሳይሆን መሰናክል እየሰጠ ነው። አንድ ቅጽ፣ አንድ መቀበያ መስኮት እና በጽሑፍ የተወሰነ የመልስ ቀን ይኑር፤ ሌሎቹን ክፍሎች የማነጋገሩ ሥራ የአመልካቹ ሳይሆን የተቀባዩ ሠራተኛ ይሁን። ብዙ ሰው የማይሰበስቡና መንገድ የማይዘጉ ትንንሽ ዝግጅቶች ደግሞ ከፈቃድ ወደ ማስታወቂያ ቢወርዱ፣ ማለትም አዘጋጁ አሳውቆ ብቻ እንዲያቀርብ ቢደረግ፣ የሠራተኛውም ጊዜ ይቆጠባል።

የድምፅ ክርክር የራሱ መፍትሔ ይፈልጋል። ለዓመታት ሙዚቃ ሲቀርብበት በኖረ ቤት አጠገብ አዲስ መኖሪያ ሕንጻ ይሠራል፤ አዲሶቹ ነዋሪዎች ስለ ድምፁ ይከሳሉ፤ ሙዚቃ ቤቱ ይዘጋል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በ2014፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2018 በከተማ ፕላን ደንቦቻቸው ያስገቡት መርሕ ይህን ገለበጠው፤ ለውጡን ያመጣው ወገን፣ በዚህ ምሳሌ አዲሱን ሕንጻ የሚሠራው፣ የድምፅ መከላከያውን ወጪ ይሸፍናል። አዲስ ሙዚቃ ቤት በነባር መኖሪያ መካከል የሚከፍት ሰውም በተመሳሳይ መርሕ ግድግዳውን ማስተካከል የራሱ ግዴታ ይሆናል። ይህን አንድ አንቀጽ በግንባታ ፈቃድ ደንብ ውስጥ ማስገባት ምክር ቤቱን ምንም አያስወጣውም።

6. ድጎማውን መስጠት

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመጣለን። በቅድሚያ ገንዘቡ በሁለት ይከፈል፤ አንዱ ክፍል በአንድ ገጽ ማመልከቻ ለሚሰጡ አነስተኛ ድጋፎች፣ ሌላው ለብዙ ዓመት ለሚዘልቁ ስምምነቶች ይሁን። ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አሥራ አምስት ገጽ እንዲሞላ ማስገደድ የጥበብ ሰውን ሳይሆን ቅጽ መሙላት የሚያውቀውን መምረጥ ነው። መጻፍ ለማይችሉ ወይም ለሚቸገሩ አመልካቾች ሐሳባቸውን በቃል የሚያስረዱበትና ሠራተኛ የሚመዘግብበት፣ ወይም በድምፅ ቀድተው የሚያቀርቡበት መንገድ ይፈቀድ፤ የቃል ትውፊት አዋቂዎች የሚገኙት በአብዛኛው ከእነዚህ መካከል ነው።

ጥሪው ሲወጣ መመዘኛዎቹ ከነነጥባቸው አብረው ይውጡ፤ ከማስታወቂያው እስከ መዝጊያው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይሰጥ። በመካከሉ አንድ ምሽት ለጥያቄና መልስ ይመደብና የተነሡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ለሁሉም ይገለጹ፤ አለዚያ ሠራተኛውን የሚያውቅ አመልካች ከማያውቀው የተሻለ መረጃ ይዞ ይወዳደራል። የበጀት ቅጹ ለከያኒው የድካም ዋጋ የሚሆን ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። ለድምፅ መሣሪያ ኪራይ፣ ለድንኳንና ለፖስተር ሲከፈል፣ የዘፈነውና የተወነው ሰው «ዕድሉን ስላገኘ» በነጻ ይሠራል ተብሎ የሚታሰብበት በጀት መጽደቅ አይገባውም።

ገምጋሚ ኮሚቴው አምስት ወይም ሰባት አባላት ይኑሩት፤ አብዛኞቹ የሙያው ሰዎች ይሁኑ፤ የምክር ቤት አባል ቢገኝ እንኳ ያለ ድምፅ በታዛቢነት ይሁን። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ከሌላ ከተማ የሚመጡ ሁለት ገምጋሚዎች ያስፈልጋሉ፤ የሚወጣላቸው የመጓጓዣ ወጪ ከሚያስቀረው ሐሜት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ዝም ማለቱ አይበቃም፤ ጉዳዩ ሲታይ ከክፍሉ ይውጣ፣ መውጣቱና መመለሱም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ። እያንዳንዱ አባል በመጀመሪያ ለብቻው ነጥብ ሰጥቶ ያስረክብ፤ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ይጀመር። ይህ ካልሆነ ቀድሞ የተናገረው አንጋፋ ሰው አስተያየት የሁሉም ነጥብ ይሆናል።

ገምጋሚዎችን ሁልጊዜ የሚፈትነው ነገር ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ማዳረስ ነው። አመልካች በሙሉ ደስ እንዲለው ታስቦ እያንዳንዱ ከጠየቀው ሢሶውን ብቻ ቢያገኝ፣ ማንም ሥራውን በሚገባ አይጨርስም፤ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ጎዶሎ ሥራ ተይዞ የገንዘቡ ፋይዳ ይጠየቃል። ጥቂቶችን በበቂ ሁኔታ ደግፎ፣ ላልተመረጡት ምክንያቱን በጽሑፍ መንገርና ለሚቀጥለው ጥሪ ምን ቢያሻሽሉ እንደሚበጅ ማስረዳት የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔ ግን ከዚህ ሌላ የሚያዋጣ መንገድ አላየሁም።

ነዋሪው በምርጫው ይሳተፍ የሚል ሐሳብም ይነሣል። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ በ1989 የጀመረችው ሕዝብ በጀት የሚመድብበት አሠራር ወደ ብዙ አገሮች ተሸጋግሯል። ነዋሪው የትኛው ሰፈር ቤተ መጻሕፍት እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው አዳራሽ ቀድሞ ቢታደስ እንደሚጠቅም ከማንም በላይ ያውቃልና በእነዚህ ጉዳዮች ድምፁን መስጠት ይገባዋል። ገና ያልተጻፈን ግጥም ወይም ያልተሣለን ሥዕል በድምፅ ብልጫ ማስመረጥ ግን ሰው ቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ መልሶ መደገፍ ነው።

ውሉ ሲፈረም ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ ግማሹ ከፊርማው በኋላ፣ አብዛኛው ቀሪ ሥራው ሲጋመስ፣ አሥር በመቶ ያህሉ ደግሞ አጭር ሪፖርትና ደረሰኝ ሲቀርብ ይሰጥ። ከያኒው ከኪሱ አውጥቶ ሠርቶ በኋላ እንዲጠይቅ የሚያደርግ አሠራር የሚያገለግለው ገንዘብ ላለው ብቻ ነው። የክፍያው ፍጥነትም የውሉ አካል ይሁን፤ ምክር ቤቱ ከተፈረመ በኋላ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንደሚከፍል በውሉ ቃል ይግባ። ቅሬታ ያለው አመልካች በተወሰነ ቀን ውስጥ ለሌላ አካል እንዲያቀርብ ይፈቀድለት፤ የሚታየው ቅሬታ ግን ሥርዓቱ ተጥሷል የሚለው ነው እንጂ «የእኔ ሥራ ከእገሌ ይበልጣል» የሚለው አይደለም።

7. በአደባባይ የሚቆሙ ሥራዎች

ለሐውልት፣ ለቅርጻ ቅርጽና ለግድግዳ ሥዕል የተለየ የገንዘብ ምንጭ ማበጀት ይቻላል። የአሜሪካ ከተሞች የሆኑት ፊላደልፊያ በ1959፣ ሲያትል በ1973 ከግንባታ ወጪ አንድ በመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል ደንግገዋል፤ በሲያትል ግዴታው በከተማው የራሱ ግንባታዎች ላይ የተጣለ ነው። ሠዓሊው ወይም ቀራጺው ከአርክቴክቱ ጋር ከንድፉ ጀምሮ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ሕንጻው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ከሆነ ሥራው ትርፍ ግድግዳ መሸፈኛ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ቦታውን በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሰዎች ይጠየቁ። ቀራጺው ሪቻርድ ሴራ በ1981 በኒው ዮርክ አንድ የፌዴራል መንግሥት አደባባይ ላይ ያቆመው፣ 36 ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው የብረት ግድግዳ አደባባዩን ለሁለት በመክፈሉ በአካባቢው ሠራተኞች ተቃውሞ ገጠመው፤ ከረጅም ክርክርና ከፍርድ ቤት ሙግት በኋላ በ1989 ተቆራርጦ ተነሣ። ስለ ሥራው ጥበባዊ ዋጋ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አደባባዩን አቋርጠው ሥራ የሚገቡት ሰዎች አስቀድመው አለመጠየቃቸው ግን ለማንም አልጠቀመም።

የመብት ጉዳይም በውሉ በግልጽ ይስፈር። የደራሲያንንና የከያንያንን መብት የሚጠብቀው የ1886ቱ የበርን ስምምነትና እርሱን የሚከተሉ ሕጎች እንደሚሉት፣ ሥራውን መግዛት የማባዛት መብቱን አያስገኝም፤ ምክር ቤቱ ያሠራውን የግድግዳ ሥዕል በፖስተርና በቲሸርት ላይ ሊያትም ከፈለገ ለዚያ ለብቻው ይስማማ። ማፍረስና መደምሰስም እንዲሁ ነው። በኒው ዮርክ ፋይቭ ፖይንትዝ ተብሎ ይጠራ የነበረው፣ ግድግዳው በሥዕሎች የተሸፈነ ሕንጻ ባለቤት በ2013 ሠዓሊዎቹን ሳያሳውቅ ሥዕሎቻቸውን በነጭ ቀለም በማስቀባቱ፣ በ2018 ፍርድ ቤት ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈርዶበታል። ውሉ ሥራው ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚያጸዳው፣ የሚነሣ ከሆነም ሠዓሊው ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገረው ይወስን።

8. ፌስቲቫል

የቬኒስ ከተማ ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የሥነ ጥበብ ዓውደ ርእይ ለማቋቋም የወሰነው ሚያዝያ 19 ቀን 1893 ሲሆን፣ ዓውደ ርእዩ የተከፈተው ሚያዝያ 30 ቀን 1895 ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ200,000 በላይ ጎብኚ አይቶታል። በውሳኔውና በመክፈቻው መካከል ያለፉት ሁለት ዓመታት ሊሰመርባቸው ይገባል። በሦስት ወር ተቻኩሎ የሚዘጋጅ ፌስቲቫል ከውጭ የመጣ ድምፃዊ ያስጨፍርና ይበተናል፤ ለአካባቢው ከያንያን የሚተወው ነገር አይኖርም።

ሌላው ትምህርት ከስኮትላንዷ ኤዲንብራ ነው። በ1947 የመጀመሪያው የኤዲንብራ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ሲካሄድ ስምንት የቴአትር ቡድኖች ሳይጋበዙ መጥተው በየትንንሹ አዳራሽ ትርኢታቸውን አሳዩ፤ ከእነርሱ የተወለደው የዳር ፌስቲቫል በኋላ ከዋናው በልጦ ገዘፈ። አዘጋጆች ለተጋበዘው ብቻ መርሐ ግብር ማውጣት ይቀናቸዋል። ጥቂት ክፍሎችንና ጥቂት ሰዓቶችን ሆን ብሎ ሳያስይዙ፣ ለመጣ ሰው ክፍት አድርጎ መተው ይጠቅማል። ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻና ስለ ዝናብ አስቀድሞ መታሰቡ የታወቀ ነው፤ የሚረሳው ለተሳታፊ ከያንያን ክፍያው በዕለቱ እንዲደርሳቸው ማድረግ ነው።

9. በሰው ላይ ያለ ቅርስ

ዩኔስኮ በ2003 ያጸደቀው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት አንድን ቅርስ ቅርስ የሚያሰኘው ባለቤቶቹ የሆኑት ማኅበረሰቦች፣ ቡድኖችና አልፎ አልፎም ግለሰቦች እንደ ቅርሳቸው ስለሚያውቁት እንደሆነ ይገልጻል። በመሆኑም የምክር ቤቱ ሠራተኛ ካሜራ ይዞ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቶቹን ያስፈቅድ፤ የሚቀዳው ነገር የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለውጭ ሰው የማይገለጥ ክፍል እንዳለው በቅድሚያ ይነጋገር። ቀድቶ ማስቀመጥ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ጃፓን በ1950 ባወጣችው የባህል ሀብት ጥበቃ ሕግ መነሻነት ለታላላቅ የጥበብ አዋቂዎች ዕውቅናና ዓመታዊ ድጋፍ እየሰጠች ተተኪ እንዲያፈሩ ታደርጋለች። ከተማም በአቅሟ ይህን መከተል ትችላለች፤ ለአንድ አዋቂ መጠነኛ ወርኃዊ ክፍያ፣ ለሁለት ተማሪዎች የመጓጓዣ ገንዘብ እና በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ የሚከፈት ክፍል ይበቃሉ።

10. መመዘንና ማስረከብ

የእንግሊዟ ሊቨርፑል የ2008 የአውሮፓ የባህል መዲና (የአውሮፓ ኅብረት በየዓመቱ ለከተሞች የሚሰጠው ማዕረግ) ለመሆን ስትዘጋጅ፣ ውጤቱን የሚከታተለው ጥናት የተጀመረው ዝግጅቱ ሊካሄድ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ በ2005 ነበር። መነሻው ሳይለካ ለውጡ አይለካምና ምክር ቤቱም ድጋፉን ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ቁጥሮችን ይያዝ። ለትንሽ ከተማ አራት ይበቃሉ፦ የምክር ቤቱ ክፍሎች በዓመት ለኪነ ጥበብ የተከፈቱባቸው ምሽቶች ብዛት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመለከቱና ድጋፍ ያገኙ ሰዎች ቁጥር፤ ከውል ፊርማ እስከ ክፍያ ያለፉት ቀናት፤ ከመሀል ከተማ ውጭ ባሉ ሰፈሮች የቀረቡ ትርኢቶች ብዛት። የተመልካች ቁጥር ቢጨመር አይከፋም፤ ብቻውን ሲቀርብ ግን የሚያስመሰግነው ከሁሉ በላይ የጮኸውን ዝግጅት ነው።

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሲያልቅ ለተተኪው የሚረከብ አንድ ፋይል ይዘጋጅ። በውስጡ የጸደቀው ውሳኔ ቅጂ፣ በመካሄድ ላይ ያሉ ውሎችና ያልተከፈሉ ክፍያዎች ዝርዝር፣ በአደባባይ የቆሙ ሥራዎች ከነባለመብቶቻቸው፣ የተቀዱ የድምፅና የምስል ሰነዶች ከተገባላቸው ገደብ ጋር፣ የገምጋሚዎች ዝርዝር እና የቁልፍ ርክክብ መዝገቡ ይካተቱ፤ ሁለቱም ወገኖች ፈርመው አንዱን ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ማንም ነዋሪ ጠይቆ ሊያነበው በሚችልበት መደርደሪያ ያስቀምጡ።